አጭበርባሪው ስማችንን ከየት ያውቀዋል?

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስልክና በኢንተርኔት ስለሚፈጸመው ማጭበርበር በየጊዜው የሚሰጠን ማስጠንቀቂያ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለጎረቤቶቼ ሳልሰለች እደግመዋለሁ። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ቁጥሩን በሰጠው ሰው ላይ ጥሎ ስለሚያልፍ ከእርሱ የሚቀድመው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ደዋዩ የሰውየውን ሙሉ ስም፣ የሕንፃና የቤት ቁጥሩን፣ ሒሳብ የከፈተበትን ባንክ አስቀድሞ ከየት አወቀ?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ በሕንፃችን የምትኖር፣ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ እናት የደረሰባት ነገር ነው። የደወለላት ሰው በትሕትና እስከ አያቷ ስም ድረስ ጠራት፤ ቀጥሎም ሒሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተሳሰረ ዛሬ ማታ ይዘጋል፣ ወረፋ ከሚጠብቁ እዚሁ በስልክ እንጨርስልዎ አላት። ስታመነታ የፋይዳ ቁጥሯን አንድ በአንድ አነበበላት። “የባንክ ሰው ካልሆነ ይህን ከየት ያመጣዋል ብዬ ነው” አለችን በኋላ እንባ እየተናነቃት። ስልኳ ላይ የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር በነገረችው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ለቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ያጠራቀመችው ገንዘብ ወደማታውቀው ሒሳብ ተላለፈ። ባንኮች የደንበኞቻቸውን ሒሳብ ከፋይዳ ጋር እንዲያስተሳስሩ መታዘዛቸው እውነት ነው፤ የተነበበላትም የራሷ ቁጥር ነበር። ውሸቱ በእውነተኛ መመሪያና በእውነተኛ ቁጥር ላይ ተገንብቶ ሳለ እርሷን ተላላ ብሎ መሳለቅ ነውር ነው።

እንዲህ ያለው መረጃ የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች ከደጃችን የራቁ አይደሉም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ የተደረደሩትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገብቶ ማየት ይበቃል። ባለጉዳዩ የመታወቂያ ኮፒ አምጣ ተብሎ ይወጣል፤ ፋይዳው ያለው በስልኩ ውስጥ ስለሆነ ምስሉን በቴሌግራም ለኮፒ ቤቱ ይልካል፤ ሠራተኛዋ በኮምፒውተር ከፍታ ታትምለታለች፤ እርሱም ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ምስሉ ግን እዚያው ይቀራል። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው የሚታዩት ፋይሎች የሰው ፊት፣ የትውልድ ቀን፣ የስልክ ቁጥርና 12 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር የያዙ ሲሆኑ፣ በመካከላቸውም የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የቤት ውል ይገኛሉ። ተበላሽቶ የታተመው ወረቀት እንኳ ተቀዶ አይጣልም፤ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ የሒሳብ መጻፊያ ይሆናል። ይህን ስጽፍ ለዕለት ጉርሳቸው የሚደክሙትን የኮፒ ቤት ልጆች ለመወንጀል አይደለም፤ ሥራው ሲያልቅ ደምስሱ ብሎ የነገራቸው የለም፣ የሚቆጣጠራቸውም የለም።

እኛ ነዋሪዎችም ከተጠያቂነት አናመልጥም። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ከሙሉ ስም፣ ከቤት ቁጥርና ከስልክ ጋር በሕንፃው መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ፎቶው ተነሥቶም ማን እንደገባበት በማይታወቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይለቀቃል። ለማስታወስ ከሆነ የቤት ቁጥሩ ብቻ በቂ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የግል መረጃ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይና ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ የመቆጣጠሩንም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ከእርሱ ቀደም ብሎ የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልንና የኤሌክትሮኒክስ ማንነት ስርቆትን በወንጀል ያስቀጣል። ሁለቱም አዋጆች እስከ ኮፒ ቤቱ በር ድረስ ወርደው አላየሁም። በእኔ እምነት ዋናው መፍትሔ ኮፒ መጠየቅን ራሱን መተው ነው፤ ፋይዳ ወደ ባለቤቱ ስልክ በሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ወይም በጣት አሻራ ማንነትን እዚያው መስኮቱ ላይ ማረጋገጥ የሚያስችል ሥርዓት ሆኖ ሳለ፣ ባለጉዳይን ወረቀት አሳትሞ እንዲመጣ ማስገደድ ሥርዓቱ የተዘረጋበትን ዓላማ ማፍረስ ነው።

ባንኮችንም የምለው አለኝ። ጎረቤቴ ወደ ቅርንጫፉ ሮጣ ስትደርስ መጀመሪያ የተባለችው የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ነው። ደብዳቤው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እርሷ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተሻግሮ በጥሬው ወጥቷል። ደንበኛው እንደ ደወለ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ለጥቂት ሰዓታት ታግዶ እንዲቆይና ደብዳቤው በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲቀርብ ቢደረግ ብዙ ሰው ከጥፋት ይድን ነበር።

ይህ እስኪሆን ድረስ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባው፣ በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ስም ከተራ የሞባይል ቁጥር ሲደወል ስልኩን ዘግቶ ራሱ ወደ 951 ወይም ወደ 127 መደወል እንደሚችል ነው። ገንዘብ በስህተት ገብቶልሃልና መልስልኝ የሚል ሰው ሲመጣም መልእክቱን ሳይሆን የራስን ቀሪ ሒሳብ ከፍቶ ማየት ይገባል፤ ባለሱቆችም ደንበኛ በስልኩ የሚያሳያቸውን የክፍያ ምስል አምነው ዕቃ ባይለቁ መልካም ነው። ገንዘብ ተወስዶ ከተገኘ ሳይነጋ ለባንኩ መደወልና የዝውውር ቁጥሩን የያዘውን መልእክት ሳያጠፉ ለፖሊስ ማቅረብ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ወረዳዎች ከባለጉዳይ የሰበሰቧቸውን የመታወቂያ ኮፒዎች የት እንደሚያስቀምጡና መቼ እንደሚያስወግዱ ጠይቆ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ፣ ዝግጅት ክፍላችሁም ይህንኑ ጥያቄ ለባለሥልጣኑ አቅርቦ መልሱን እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ