1958ን መልሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ በየዘውጉ መነበብ አለባቸው ስለምትሏቸው መጻሕፍትና ደራስያን ሁለት ገጽ ሙሉ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አንባቢዎቻችሁም አይተውታልና አልደግመውም። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ስለ 1966።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1966 ዓ.ም. ታተመ ብላችኋል። አልታተመም። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አያለፋም። የፈረንጆቹ 1966 ነው። ጸሐፊያችሁ ከሆነ ቦታ ቁጥሩን አነሳና «ዓ.ም.» ብሎ ለጠፈበት። ስምንት ዓመት መቀነስ ረሳ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዝም እል ነበር። ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ግን በዚያው አንቀጽ ላይ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ ይላል። እሱ ልክ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ አንዱን በፈረንጅ፣ አንዱን በሐበሻ ቆጥራችሁ ጎን ለጎን አስቀመጣችኋቸው። ጽሑፉ ከአዘጋጁ እጅ ሳይወጣ ይህን ያየ አንድ ሰው አልነበረም?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ጸሐፊው በተሳሳተው ቁጥር ላይ ቤት ሠራበት። 1966 አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ልቦለዱ የአብዮቱ ልጅ ነው፣ የዘመኑ ንፋስ የወለደው ነው አለ። ይሄ ሐዲስ ዓለማየሁን መበደል ነው።

እስቲ በእርጋታ እንየው። መጽሐፉ ሲወጣ ንጉሡ ዙፋን ላይ ናቸው። አብዮት የሚባል ነገር የለም፤ ለመምጣቱ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ደራሲው ደግሞ ጥግ ይዞ የሚያጉረመርም ሰው አይደሉም። ጣሊያን ማርኮ አገሩ ድረስ ወስዶ ያሰራቸው አርበኛ ናቸው። ከዚያም የንጉሡ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ናቸው። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በልቦለዳቸው ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያህል ባላባት በገበሬዎቹ እጅ ያስማረኩት። አበጀ በለውን ከባላገሩ ፊት ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ጉዱ ካሳን እብድ አስብለው፣ ጤነኛው ሊናገረው የማይደፍረውን በእሱ አፍ አናገሩት። ይህን በ1958 መጻፍ ሌላ ነው፣ በ1966 መጻፍ ሌላ ነው። በ1966 ሁሉም አደባባይ ወጥቶ ሲጮህ ነበር። በ1958 ማን ጮኸ?

ስምንት ዓመት የወሰዳችሁት ከመጽሐፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከሰውየው ድፍረት ላይ ነው።

በዚያ ላይ አንድ ቁጥር ሲዛባ ታላቅና ታናሽ ይገለባበጣል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ወጣ። የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ም በዚያው በ1962። በናንተ አቆጣጠር ሁለቱ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በአራት ዓመት ይቀድማሉ። ዘገባውን አምኖ የሚያጠና ልጅ ሐዲስን የበዓሉ ተከታይ አድርጎ ይይዛል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። በ1966 ስለወጣ መጽሐፍ መጻፍ ከፈለጋችሁ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» አለላችሁ። በዘገባው ውስጥ ግጥም የተባለው ዘውግ ግማሽ አምድ ብቻ ነው የደረሰው፤ ይህ ዓመትም አልተጠቀሰም።

አሁን ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መግቢያ፣ ከታክሲ ተራው ጎን ሸራ ዘርግቼ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ። አከራያለሁም። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር መጽሐፍ በክንዴ ደርድሬ የምዞር አዟሪ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የለኝም። መጽሐፍ ግን ሳልከፍት አልሸጥም።

የዘገባችሁ ማብቂያ ላይ ስለኛ ሰፈር የተጻፈችውን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። በከተማዋ ዳር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች መጽሐፍ የሚገዛም የሚያነብም የለም፣ ንባብ ያለው መሀል ከተማ ነው ትላለች። ማንን ጠይቃችሁ ነው? እኔ ጋ የመጣ ጋዜጠኛ የለም። ከታክሲ ተራው ወዲያ ማዶ እንደኔ የሚሸጥ ሌላ ልጅ አለ፣ እሱንም የጠየቀው የለም። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ እኛ ጋ ስለሆነ ጋዜጠኞች በመኪና ሲያልፉ አያለሁ። ወርዶ ያየን ግን የለም።

ብትመጡ ኖሮ እነዚህን ታገኙ ነበር። ብሎክ ጠባቂው አዛውንት ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት አንድ በአንድ ጨርሰውብኛል። ሌሊት በስልካቸው መብራት ነው የሚያነቡት። ጠዋት መጽሐፉን ሲመልሱ ገጹ ላይ የሻማ ጠብታ እንደሌለ አሳይተው ነው የሚሰጡኝ፤ አንዴ ስለተቆጣኋቸው። ደግሞ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ አለ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ የማንኩሳን ስም ሲያይ «ማንኩሳ እኮ የኛ አገር ናት» ብሎ ቆሞ ቀረ። ዋጋውን በአንዴ መክፈል አልቻለም። በየቅዳሜው ደመወዝ ሲቀበል ትንሽ ትንሽ እየከፈለ፣ በሁለተኛው ወር የራሱ አደረገው። ለሽፋኑ የሲሚንቶ ወረቀት ቆርጦ አለበሰው። መጽሐፍ የሚገዛ የለም ስትሉ ይህን ልጅ የለም ማለታችሁ ነው።

ጀበና ቡና የምታፈላው ጎረቤቴ የ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ትርጉም፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ ሁለቴ ተከራይታለች። ነቢይ መኮንን ይህን ትርጉም እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እንደጻፈው ስነግራት ሲኒውን አስቀምጣ አየችኝ። «ታዲያ ይሄን ለምን ሽፋኑ ላይ አይጽፉትም?» አለችኝ። እናንተም አልጻፋችሁትም። የትርጉም ሥራዎች በምትለው ክፍላችሁ ውስጥ ስሙን ብቻ ጠርታችሁ አለፋችሁ። አንድ ሰው በእስር ቤት ቁራጭ ወረቀት እየለቀመ ሥራዬ ብሎ ያን የሚያህል መጽሐፍ ሲተረጉም ከዚህ በላይ ምን ወሬ ይገኛል?

የአካባቢው የገበሬ ልጆች ደግሞ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ይጠይቁኛል። የዳባ ወየሳን «ጎዳኒሳ» ፈልግልን ብለው ስንት ጊዜ ለምነውኛል፤ ሲገኝ አንድ ቀን አያድርም። የሰፈራችን ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፣ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ብላችሁ ሁለት ገጽ ስትሞሉ አንድ የኦሮምኛ መጽሐፍ አልገባም። ሴት ደራሲም አንዲት የለችም። ስንዱ ገብሩ እንኳ!

እዚህ መጽሐፍ መሸጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። መሀል ከተማ ያለ አከፋፋይ አዲስ መጽሐፍ ስጠኝ ስለው እዚያ ድረስ አናደርስም ይለኛል። እሄዳለሁ። ካርቶኑን ተሸክሜ ሃይገር ስሳፈር ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍለኛል። ክረምት ላይ ሸራውን ከሥር ልዘርጋው ወይስ ከላይ ልሸፍንበት እያልኩ ስንት መጽሐፍ ዝናብ በልቶብኛል። ያበጠውን ቤቴ ወስጄ፣ በየገጹ መሀል ጋዜጣ እያስገባሁ አደርቀዋለሁ። የናንተን ጋዜጣ ነው የማስገባው። ይህን ሁሉ የምችለው አንባቢ ስላለ ነው። ለማያነብ ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ካርቶን የሚሸከም ሰው የለም።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። እንድጽፍ ያስገደደኝ እሱ ነውና።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደንበኛ አለችኝ። ስለ አንድ ደራሲ ክፍል ውስጥ እንድታቀርብ ታዘዘችና ሐዲስ ዓለማየሁን መረጠች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሳምንት 20 ብር ሁለት ሳምንት ተከራየችው። ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ጠርዙ የቆሸሸ ቅጂ ነው። ውስጡ ግን ሙሉ ነው፣ አንድም ገጽ አልጎደለም። ደብተሯ ላይ የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ ከሥሩ ደግሞ 1958 ዓ.ም. ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። ጽፋ አሳየችኝ።

ሰኞ ዕለት አቀረበች። አንድ ልጅ እጁን አወጣና የናንተን ገጽ በስልኩ አሳየ። 1966 ይላል። መምህሩ አዩት። ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው አሉና ሁለት ማርክ ቀነሱባት። መምህሩን አልወቅስም። ጋዜጣ ይታመናል ብለው ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። አላለቀሰችም። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሸራው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል እንዴ?» አለችኝ።

አብረን ከፈትነው። የኅትመቱ ዘመን የሰፈረበትን ገጽ አወጣሁላት። የመጀመሪያው እትም 1958 ዓ.ም. ይላል። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። «እነሱ መጽሐፉን አልከፈቱትም ማለት ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? አልከፈቱትም አልኳት። ስንት መጻሕፍት አንብቡ ብሎ የሚመክር ሰው አንዱን እንኳ አልከፈተም።

አንባቢ የለበትም ባላችሁት ሰፈር ስህተታችሁን ያገኘችው አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ናት። ያገኘችውም መጽሐፍ ከፍታ ነው። የተሳሳተው ደግሞ ንባብ አለበት በተባለው መሀል ከተማ የተቀመጠ ጸሐፊ ነው።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያውን ማንም አላነሳውም። በሁለተኛው ኢሜይል ላክ ተባልኩ። በሦስተኛው አንዲት ሴት አነሳች። ጨርሳ ሳትሰማኝ ከየት ነው የሚደውሉት አለችኝ። ከቱሉ ዲምቱ አልኳት። እሺ እናየዋለን ብላ ዘጋችው። የደወልኩበት ቦታ ከ1958 ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አልገባኝም። ከቦሌ ብደውል ቁጥሩ ይለወጥ ነበር?

የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። ማስተካከያ አውጡ። ከማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ከአብዮቱ በፊት ነው ብላችሁ ጻፉ። በአብዮቱ ላይ የሠራችሁትንም ድምዳሜ አንሱት፤ ቁጥሩ ተስተካክሎ ድምዳሜው ከቀረ ምንም አላረማችሁም። ስለ ሰፈራችን የጻፋችሁትን ደግሞ በስልክ አታስተካክሉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ። ደመወዝ የሚከፈልበት ሰዓት ስለሆነ ሸራው ዙሪያ ሰው አይጠፋም።

ማስተካከያው የሚወጣበትን ቀን ቀድማችሁ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ሁለት ጋዜጣ እገዛለሁ። አንዱ የኔ ነው። ሌላውን ልጅቷ ለመምህሯ ትወስድላቸዋለች።

ከአክብሮት ጋር
ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ፣ ከቱሉ ዲምቱ