ካላደስህ አትሰማም?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ወደ ደብረ ብርሃን ስጓዝ፣ ሰንዳፋን እንዳለፍን የምከፍልበትን የሙዚቃ መተግበሪያ ከፈትኩ። ለመንገዴ 40 የትዝታ ዘፈኖች አውርጄ ነበር። የጠበቀኝ ግን «አድስ» የሚል አንድ አዝራር ብቻ ነው፤ «በኋላ» የሚል የለም። ብጫነው አንድሮይድ 7 የሆነው ስልኬ አዲሱን መተግበሪያ አይቀበልም ተባልኩ። ዘፈኖቹ እዚያው ስልኬ ውስጥ ናቸው፤ የተቆለፉት በመተግበሪያው ስለሆነ በሌላ ማጫወቻ አይከፈቱም። ወርኃዊ ክፍያው ግን ምንም እድሳት ሳያስፈልገው በቀኑ ይቆረጣል! የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ከሆነ ይሁን፤ ቢያንስ ያወረድኩትን እንድሰማ ይተዉልኝ፣ አለዚያ የቀሪውን ወር ሒሳብ ይመልሱልኝ። አባቴ በአሮጌ ቴፓቸው እስከ ዛሬ ካሴት ይሰማሉ፤ ማንም «ያድሱ» ብሏቸው አያውቅም።

ቅር የተሰኘ ደንበኛ
ከአዲስ አበባ