ለቅዳሜው የልጆች ዝግጅት ካርቶን አትጣሉ

ሰላም ወላጆች። ለልጆቹ የባህር ላይ ወንበዴ ፓርቲ ሰይፍ፣ ኮፍያና የተደበቀ ሀብት ካርታ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮሚናል ውስጥ አብረን እንሠራለን። ምንም አንገዛም። ካርቶን፣ ያረጀ ጥቁር ቲሸርትና መቀስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ሰይፉ ከአንድ ካርቶን ብቻ ከተሠራ ወዲያው ይታጠፋል። ሁለት ቆርጠን፣ የውስጥ መስመራቸውን አመሳቅለን እናጣብቃለን። ጫፉን ግን ክብ እናድርገው፤ የልጅ ዓይን አለ!

ለካርታው የጠዋት ቡናችሁን አተላ አትድፉት። ነጭ ወረቀት ጨምድደን በሱ ስናሸው ያረጀ ብራና ይመስላል። (እጅም ያጠቁራል፤ ሽርጥ አይረሳ።) ሙጫውን እኔ ከዱቄት አበስላለሁ።

የቀረን መርከቡ ነው። የፍሪጅ ካርቶን ያለው አለ? ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚይዝ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።