ለጫካ አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃ ስለ መምረጥ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን፤ እናትሽም ሰላምታዋን ታቀርብልሻለች። በእንግሊዝ አገር በቴትፎርድ ከተማ አቅራቢያ ባለው የግል ጫካ አጋዘን ለማደን ከባለ ርስቱ ፈቃድ ማግኘትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝን የጠመንጃ ሥዕልም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ክብደቷ 2.2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ብገዛትስ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ በስልክ የምሰጠው መልስ ስለማይበቃ፣ በእርጋታ እንድታነቢው በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽና፣ አትግዢያት። ቀላል ጠመንጃ መፈለግሽን ግን አልነቅፍም። በጫካ ውስጥ እያደባ የሚያድን ሰው ጥቂት መቶ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠመንጃው ወይ በትከሻው ወይ በእጁ ነው። ሙንትጃክ የምትባለዋ አጭር አጋዘን ደግሞ ከቁጥቋጦው ብቅ ብላ የምትቆመው ለጥቂት ሰከንድ ነውና፣ ከትከሻ ወርዶ በፍጥነት የሚነሣ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። ረጅም አፈሙዝ በየቅርንጫፉ እየተጠላለፈ ሲንኳኳ አውሬውን እንደሚያስበረግግም አንቺው ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ጠመንጃ የሚመዘነው ስትሸከሚው ብቻ አይደለም፤ ልብሽ እየመታ፣ ትንፋሽሽ ገና ሳይረጋ ስታነጣጥሪበትም ይመዘናል። በዚያች ቅጽበት የብረቱ ክብደት የእጅሽን መንቀጥቀጥ ይውጥልሻል፤ እጅግ የቀለለ ጠመንጃ ግን መንቀጥቀጡን ሁሉ ወደ ዒላማው ያስተላልፈዋል።

ሁለተኛው ነገር ርግጫው ነው። አንዱን ዓይነት ጥይት በ4 ኪሎ ጠመንጃ ከመተኮስ ይልቅ በ3 ኪሎ ጠመንጃ ብትተኩሺው፣ ወደ ትከሻሽ የሚመለሰው ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ሕመሙ የሚቻል ነው፤ የሚከፋው ሰውነት ምቱን እየጠበቀ ምላጩን ከመሳብ በፊት መሸማቀቅ መልመዱ ነው። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም።

ስለዚህ ባዶውን ከ2.7 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ፈልጊ። በፊንላንድ ሪሂማኪ ከተማ የሚሠራው ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት በዚህ ክልል ውስጥ የሚገኝ ነው፤ መቀርቀሪያው ያለ ግጭት ይንሸራተታል፣ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ይስተካከላል፣ የጥይት ካዝናውም ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ አይንኳኳም። ዋጋውም ከአቅምሽ የራቀ አይደለም። ሌላ ብትመርጪ አልቃወምሽም፤ ብቻ ሻጩ በሚነግርሽ የባዶ ጠመንጃ ክብደት አትታለዪ። 2.9 ኪሎ የተባለው ላይ 450 ግራም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ 100 ግራም የመነጽሩ ማሰሪያ፣ 350 ግራም የድምፅ ማፈኛ ሲጨመርበት 3.8 ኪሎ ይሆናል፤ ማንገቻውና ጥይቱ ገና አልተቆጠሩም። ማፈኛው ደግሞ የሚሰካው አፈሙዙ ጫፍ ላይ በመሆኑ፣ ጠመንጃውን ጫፉ ላይ ድንጋይ እንደታሰረበት ዱላ ወደ ፊት ያዘነብለዋል። ሚዛኑ በሁለት እጆችሽ መካከል እንዲያርፍ ከፈለግሽ አፈሙዙ ከ50 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይሁን።

ይህ አጭር አፈሙዝ ግን ከሕግ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ረጋ ብለሽ እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። በእንግሊዝ ሕግ ሮ የተባለውን አጋዘን ለመግደል የጥይቱ ስፋት ከ0.240 ኢንች፣ የአፈሙዝ ጉልበቱም ከ1,700 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ከ2,305 ጁል ማነስ የለበትም። ለሙንትጃክ 0.220 ኢንችና 1,000 ፉት-ፓውንድ ይበቃል፤ ስለዚህ 223 የተባለውን ጥይት በሚተኩሰው የሥራ ባልደረባሽ ጠመንጃ ሙንትጃክ ማደን ቢቻልም በዚያው ጠመንጃ ሮ ላይ መተኮስ ሕግ መጣስ ነው። አንቺ የጠቀስሽው 243 ዊንቸስተር የተባለው የጥይት ዓይነት በወረቀት ላይ መስፈርቱን ያሟላል፤ ነገር ግን 100 ግሬይን (6.5 ግራም ያህል) የሆነው አረር 1,700 እንዲደርስ በሰከንድ 843 ሜትር ያህል መብረር አለበት። የጥይት ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በረጅም አፈሙዝ የተለካ ነው፤ አፈሙዙ ሲያጥር ፍጥነቱ ይቀንሳልና ከወሰኑ ጫፍ ላይ ልትደርሺ ትችያለሽ። የእርሳስ አረር እየቀረ የመዳብ እየተተካ መምጣቱ ነገሩን ያጠብቀዋል፤ መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀልል፣ እኩል ክብደት ያለው አረር ከመዳብ ሲሠራ ይረዝማል፣ ረጅሙን አረር ለማሽከርከር ደግሞ በብዙ 243 አፈሙዞች ውስጥ ያለው ጥምዝ አይበቃውም። በዚህ ምክንያት 6.5 ክሪድሙር የተባለውን ጥይት እመርጥልሻለሁ። 120 ግሬይን የመዳብ አረሩ ከአጭር አፈሙዝ ቢወጣም ከሕጉ ወሰን በብዙ ይርቃል፣ ርግጫውም 308 ከተባለው ጥይት ያነሰ ነው። በቴትፎርድ ቀይ አጋዘንም ስላለ አንድ ቀን ብትጠየቂ ሌላ መሣሪያ ሳትፈልጊ ትሠሪያለሽ።

መነጽሩን በተመለከተ፣ ሻጮች ባለ 56 ሚሊ ሜትሩን ትልቅ መስታወት ሊያሸክሙሽ ይሞክራሉ፤ የቀለለውን ጠመንጃ መልሶ የሚያከብደው እሱ ነው። በጫካ ውስጥ የምትተኩሺው ከ100 ሜትር በታች ነውና 6 ጊዜ የሚያጎላ ባለ 42 ሚሊ ሜትር መነጽር ይበቃሻል። 42 ለ6 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከመነጽሩ ወደ ዓይንሽ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ በምሽት ብርሃን የሰው ዓይን ብሌን ከዚህ በላይ ብዙም አይከፈትም፣ ከዚያ የበለጠው መስታወት ትርፍ ጭነት ነው።

ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ እንደሚግልና ከ3 ወይም ከ4 ጥይት በኋላ ምቱ እንደሚበተን ሰዎች ይነግሩሽ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን አያሳስብሽ። አዳኝ የሚመዘነው በቀዝቃዛ አፈሙዝ በሚተኩሳት የመጀመሪያ ጥይት ነው።

ሱቁ ስትሄጂ ወፍራሙን የክረምት ጃኬትሽን ለብሰሽ ሂጂ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን መቀርቀሪያውን ከፍተሽ አረጋግጪ፤ ከዚያም ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ትከሻሽ አንሺው፣ ጉንጭሽን ሰደፉ ላይ አሳርፊና ዓይንሽን ግለጪ። የመነጽሩ ክብ ሙሉ ሆኖ ከታየሽ ልክሽ ነው፤ በአንድ ጎኑ ጥቁር ጥላ ካለና አንገትሽን ማንቀሳቀስ ካስፈለገሽ ግን፣ ሰደፉ ለሰፊ ትከሻ ወንድ የተለካ ነውና እንዲያሳጥሩልሽ ጠይቂ። የደኅንነት ቁልፉንም በጓንት ወደ ፊት ግፊው፤ ቀጭ ካለ ሌላ አሳዩኝ በይ፣ ሮ ያችን ድምፅ ከሩቅ ይሰማታል።

አያትሽ በባሌ ጫካ ድኩላ ያድኑበት የነበረው ምንሽር ረጅምና ከባድ ነበረ፤ እሳቸው ግን ባላ ሳይዙ ከቤት አይወጡም ነበር። ድኩላም እንደ ሮ ለብቻው የሚሄድ፣ የጫካ ዳር የሚወድ፣ ሲደነግጥም እንደ ውሻ የሚጮህ ነውና የአደኑ ጠባይ ተመሳሳይ ነው። አንቺም ቆመሽ በምትተኩሺበት ሁሉ ባላ ተጠቀሚ። ከአጋዘኑ በስተጀርባ አረሩን የሚቀበል አፈር ሳታዪ ደግሞ ምላጩን አትንኪ፤ እንደ ቴትፎርድ ባለ ሜዳማ አገር ይህ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ባለ ርስቱ ማማ እንዲያቆምልሽ ለምኚው፤ ከማማ ላይ አረሩ ወደ መሬት ይወርዳል።

የፖሊስ ምስክር ወረቀትሽ ላይ የሚጻፈው የጥይቱ ዓይነት ጭምር ነውና፣ 243 ብለሽ ከማመልከትሽ በፊት ሐሳብሽን ብትለውጪ ይቀልልሻል። ወረቀቱ በእጅሽ ሲገባ የሰደፉን ርዝመትና የጠቅላላውን ክብደት ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የመነጽሩን ወጪ እኔ እችላለሁ።

አባትሽ