ስለ እቅፍ አበባሽ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? አንቺም ጠፋሽ፣ እኔም ጠፋሁ። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ስንገናኝ እንከራከርበታለን። መልእክትሽን ሳነብ ብቻዬን እልል አልኩ። ልታገቢ ነው! ደግሞም ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የጠየቅሽኝ ስለ እቅፍ አበባ መሆኑ አሳቀኝ። አንቺ መቼም አትለወጪም።

«አበባ ያልያዘች ሙሽራ የት አለች ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ገና ስጠጋው ማስነጠስ ነው» ብለሻል። መች አጣሁት! ዓይንሽ እንዴት እንደሚቀላ አውቃለሁ። አፍንጫሽን እየጠረግሽ ቃል ኪዳን ስትገቢ ማየት አልፈልግም። ፎቶው እንደሆነ ዕድሜ ልክ ነው የሚቀመጠው።

መጀመሪያ የደረቀ አበባ ይዘሽ እንዳትመጪ። መቼም ይመክሩሻል። ላቬንደር ምናምን ዘቅዝቀው፣ ጨለም ያለ ደረቅ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ሰቅለው ያደርቁታል፤ ቆንጆ ይሆናል። ለሌላ ሙሽራ እኔም እመክረው ነበር። ግን ይረግፋል፣ ይበናል። ያ ፓምፓስ የሚሉት ላባ የመሰለ ሣርማ ገና ሲነኩት ብናኙ ቬሎ ላይ ይቀራል። ገንዘብ አውጥቶ ማስነጠሻ መግዛት ምን ይሉታል?

አሁን በጣም የምወደውን ልንገርሽ፤ የብሮሽ እቅፍ፤ ብሮሽ ያው ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰካው ጌጥ። አንድ ዘመዳችን ስታገባ ይዛው ነበርና ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። እያንዳንዱ ብሮሽ ለብቻው ሽቦ ተጠምጥሞለት እንደ አበባ ግንድ ተሠርቶለታል። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ታስረው በሪባን ተጠቅልለዋል። መሐሉ ላይ የአያቷ ጌጥ አለ፤ አንዷ ፈርጥ ወልቃለች፣ እንዳለች ነው የተዋት። ብርሃን ሲያገኘው ዓይን ያፈዛል። ክፋቱ ክብደቱ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ከተሠራ ኪሎ ያልፋል። ሙሽሪት ፎቶ በተነሳች ቁጥር ለሚዜዋ ታቀብል ነበር። ሌላም አለ፤ የብሮሹ መርፌ ከኋላ በደንብ ካልተሸፈነ የቬሎውን ዳንቴል ይዞ ይጎትታል።

ስለዚህ ለአንቺ ያሰብኩት ቅልቅል ነው። አብዛኛው የጨርቅ ጽጌረዳ፣ ጥቂት ብሮሽ ጣል ጣል ተደርጎበት። ጨርቁ ደግሞ ከራስሽ ቬሎ የተረፈ ቁራጭ ቢሆን ቀለሙ አንድ ይሆናል፣ ማመሳሰል ብሎ ጣጣ የለም። አሠራሩ ቀላል ነው። ክብ ክብ አድርገሽ በተለያየ መጠን ትቆርጫለሽ። ከዚያ ዳሩን ወደ ሻማ ነበልባል ጠጋ ማድረግ ነው፤ ሳይነካ፣ ሙቀቱ ብቻ። ፖሊስተር ሳቲን ከሆነ ወዲያው ኩርምት ብሎ ልክ እንደ አበባ ቅጠል ይታጠፋል፣ ጫፉም ከዚያ በኋላ አይተረተርም። ጥጥ ወይም ሐር ከሆነ ግን ይቃጠላል እንጂ አይታጠፍም። ስለዚህ የቬሎሽ ጨርቅ ምን እንደሆነ ሰፊዋን ጠይቂያት።

ወረቀትም አለ። ክሬፕ የሚባለው ይለጠጣል፤ መሐሉን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጊው ጎድጎድ ይልና ሕይወት ይዘራል። ከሩቅ ማንም አይለየውም። ግን ዝናብ ከመጣ አለቀለት፣ እጅሽ የሚያልብሽ ከሆነም እጀታውን በወፍራሙ ማልበስ ነው። የወረቀትን ሥራ ለሚዜዎችሽ ብንተውላቸው ይሻላል።

የሶላ አበባ የሚባልም አለ። ሕንድና ባንግላዴሽ ረግረግ ውስጥ ከሚበቅል ተክል ነው የሚሠሩት። የግንዱን ነጭ ለስላሳ ውስጥ በስሱ ልጠው ይጠቀልሉታል። ክብደቱ በጣም ቀላል ነው፣ የፈለግሽውን ቀለም ይቀበላል። ካገኘሽ ያዢው።

የሱቁን «የሐር አበባ» ግን ተይው። አብዛኛው ሐር አይደለም፣ ፖሊስተር ነው። በእርግጥ ጥሩ ጥሩው አለ፤ ርካሹ ግን ፎቶ ላይ ያስታውቃል፣ በተለይ አረንጓዴው ቅጠል።

ማራገቢያ፣ ፋኖስ፣ ጥላ የሚይዙም አሉ። ፋኖስ ለማታ ሠርግ ያምራል፤ የአንቺ ሠርግ በቀን ስለሆነ ዝለይው። ወግ ወግ የሚሉ አክስቶች ካስቸገሩሽ የሆሊውድ ተዋናይቷን ግሬስ ኬሊን ጥሪላቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 የሞናኮውን ልዑል ስታገባ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ነበር የያዘችው፣ ከጥቂት ነጭ አበባ ጋር። ማን ምን አላት?

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ትልቅ አይሁን። ሙሽሮች ፎቶ ላይ ሲደነግጡ እቅፉን ደረታቸው ድረስ ያወጡታል፣ ያ ሁሉ የተደከመበት ጥልፍ ይሸፈናል። እምብርት አካባቢ፣ ክንድ ዘና ብሎ። መወርወሩንም እርሺው። ብሮሽ ያለበትን ነገር ሴቶቹ መሐል ብትለቂው ሠርጉ ሐኪም ቤት ያልቃል። የግድ ከሆነ ለመወርወሪያ ትንሽ የጨርቅ እሠራልሻለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ የምሠራው፤ እንቢ እንዳትይኝ። የሚረግፍ ነገር ስለሌለው ከወዲሁ ሠርቼ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ከእናትሽና ከአክስቶችሽ የማይፈልጉትን ብሮሽ ሰብስቢልኝ፣ ፈርጡ የወለቀም ቢሆን። ሰፊዋ ደግሞ ቁርጥራጩን ሳትጥለው ዛሬውኑ ደውይላት። የቬሎውን የፊትና የጎን ፎቶ ላኪልኝ። ባልሽ እንዳያየው ብለሽ ደግሞ ከእኔም እንዳትደብቂው።

ያንቺው