ፍሬሙ ተሞርዶ ስለተገጠመ የትሪያል ብስክሌት የቀረበ ቅሬታ

ለብስክሌት አስመጪና ጥገና ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከትእዛዜ ውጪ የተገጠመ የፔዳል አክስል እና ያንን ለመሸፈን የተሞረደ ፍሬም

ጤና ይስጥልኝ።

በእናንተ በኩል ያስመጣሁትን ባለ 26 ኢንች የትሪያል ብስክሌት ገጥማችሁ አስረክባችሁኛል። የብስክሌቱንም የመግጠሚያውንም ሒሳብ ከፍያለሁ። ብስክሌቱ ግን በዚህ ሁኔታ አይነዳም። ሱቃችሁ መጥቼ በቃል ስናገር ያገኘሁት መልስ «ይሽከረከራል እኮ፣ ምን ጎደለው?» የሚል ብቻ ስለሆነ አሁን በጽሑፍ መጥቻለሁ።

ትሪያል ስፔን ውስጥ ከሞተር ብስክሌት ትሪያል የወጣ ስፖርት ነው። ነጂው ቋጥኝና ግንብ ላይ እየዘለለ ይወጣል፣ በአንድ ጎማ ቆሞ ሚዛን ይጠብቃል። ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኮርቻ የሌለውም ለዚህ ነው እንጂ ተረስቶ አይደለም። (አንዱ ሠራተኛችሁ ኮርቻ ፍለጋ መጋዘን ድረስ ገብቶ ነበር። ቅንነቱን ወድጄለታለሁ።) ለመዝለል ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ ፔዳሉን በአንዴ ይረግጣል። ያን ጊዜ የሰውየው ክብደት በሙሉ ሰንሰለቱና አክስሉ ላይ ያርፋል። ሰንሰለቱ ከዘለለ ነጂው ግንቡን የሚያገኘው በቅልጥሙ ወይም በጥርሱ ነው።

ሌላም ልዩነት አለው። ፍሪዊሉ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ጎማው በነፃ እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) እንደሌላው ብስክሌት ኋላ አይደለም፤ ፊት፣ በቀኙ የፔዳል ክንድ ላይ ነው የተጠመዘዘው። የእኔው ፊት 18፣ ኋላ 15 ጥርስ ነው። ከፍሪዊሉ ጎን ድንጋይ እንዳይነካው የሚጠብቅ የአሉሚኒየም ቀለበት አለ። ይሄ ሁሉ ከፍሬሙ የታችኛው የኋላ ቱቦ ጋር ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የአክስሉ ርዝመት በግምት የሚሞላ ነገር አይደለም።

ትእዛዜ ላይ በግልጽ ያሰፈርኩት ከጎን እስከ ጎን 73 ሚሊሜትር ለሆነ የፍሬም ቀዳዳ የሚሆን፣ 128 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው አይሲስ አክስል ነው፤ ማለትም ሁለቱ የፔዳል ክንዶች የሚታሰሩበት፣ ጫፉ ጥርሳማ የሆነው ዓይነት። ደረሰኛችሁም ይህንኑ ይላል። ፈትቼ በካሊፐር ስለካው ግን 113 ሚሊሜትር ሆነ። መካኒካችሁን ስጠይቀው «128 አልነበረንም፣ ያው ነው ብለን ነው» አለኝ። ያው አይደለም። 15 ሚሊሜትር ሲያጥር በእያንዳንዱ ጎን 7.5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ፊተኛው ጥርስ ወደ ፍሬሙ ተጠግቶ፣ የኋላው ባለበት ቀርቶ፣ ሰንሰለቱ ሰያፍ ሄደ። ቀለበቱም ቱቦውን ነካው።

እዚህ ላይ መቆም ነበረበት። «ትክክለኛው አክስል እስኪመጣ ጠብቅ» ብትሉኝ እጠብቅ ነበር፤ ክፍሉ ከውጭ ሲመጣ እንደሚቆይ አውቃለሁ። እናንተ ግን በቀኝ በኩል 3 ሚሊሜትር ሮንዴላ ከታችሁ አክስሉን ወደ ቀኝ ገፋችሁት። አክስሉ ፍሬሙ ውስጥ የሚታሰርበት ጥምዝ በአንድ ኢንች 24 ዙር ነው፤ ስለዚህ በ3 ሚሊሜትር ወደ 3 ዙር የሚጠጋ ጥምዝ ሳይነክስ ቀረ። የግራው ክንድ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ፍሬሙ ገባ። እንዲህም ሆኖ 4.5 ሚሊሜትር ጎደለ። የጎደለውን ከየት እንዳመጣችሁት ያወቅኩት ብስክሌቱን ገልብጬ ሳጥብ ነው። ቱቦው ቀለበቱ በሚዞርበት በኩል በሞረድ ተበልቷል። ላዩ ላይ ጥቁር ስፕሬይ ተነፍቶበታል።

በጣም ያበሳጨኝ ይሄ ነው። የአክስል ስህተት በአክስል ይታረማል። የተሞረደ ፍሬም ግን በምን ይታረማል? ቱቦው ስስ ነው። የበላችሁት ደግሞ ብየዳው አጠገብ ነው፤ ፍሬሙ በእያንዳንዱ ዝላይ የሚጨነቀው እዚያ ጋ ነው። «በብየዳ እንሞላዋለን» የተባልኩትንም አልቀበልም። የዚህ ዓይነት አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ከብየዳ በኋላ በሚደረግለት የሙቀት ሥራ ነው። ጋራዥ ውስጥ እንደገና ሲበየድ ይለሰልሳል። ስንጥቁም የሚመጣው ሰው ላዩ ላይ ሳለ ነው።

«ይሽከረከራል» ስለተባለውም፣ አዎ፣ ማቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ይሽከረከራል። ያኔ ቀለበቱና ቱቦው መካከል አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይታያል። ነገር ግን የኋላ ፍሬኑን ይዛችሁ ፔዳሉ ላይ ቁሙበት። ፍሬሙም ክንዱም ትንሽ ይለመጣሉ፤ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ብረቱ ሲፋጭ ይሰማል። የትሪያል ብስክሌት የሚሞከረው ሰው ቆሞበት እንጂ ባዶውን ተሰቅሎ አይደለም። ይህንን ለመካኒካችሁ ሱቁ ውስጥ አሳይቼዋለሁ፤ ድምፁን ሰምቷል።

ሰንሰለቱም ልክ አይደለም። ጥርሶቹ የተሠሩት ውስጡ 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ለሆነው ቀጭን ሰንሰለት ነው። የገጠማችሁት 3.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ሰፊውን ነው። ሰፊው በቀጭን ጥርስ ላይ ስለሚዞር ችግር ያለው አይመስልም። ግን ከውጭም ስለሚሰፋ፣ መጀመሪያውኑ የጠበበውን ቦታ ጭራሽ አጠበበው። ርዝመቱም እንዲሁ ነው። ላልቶ ሲገኝ አንድ ሙሉ የሰንሰለት መቀጠያ ስለተቆረጠ ጎማው 12.7 ሚሊሜትር ወደፊት መጣ። አሁን ጎማው ፍሬሙን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ጭቃ ቢይዝ ይቆማል። ግማሽ መቀጠያ የሚባል አለ፤ የጎማውን ቦታ በ6.35 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚለውጠው። የቀረውን የኋላው አክስል ላይ ያሉት ማወጠሪያዎች ይጨርሱታል። ዋጋውም ትንሽ ነው።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። ፍሬሙ በአዲስ ይቀየርልኝ፤ ካልሆነ የብስክሌቱ ሙሉ ዋጋ ይመለስልኝ። ፍሬሙ ከተቀየረ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ባለ 128 አክስልና ቀጭኑ ሰንሰለት ከግማሽ መቀጠያ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገጠሙልኝ። «ማስተካከያ» ብላችሁ ያስከፈላችሁኝ ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ይመለስ፤ የተስተካከለ ነገር የለም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጉዳዩን ወደ ሕግ ሳልወስድ በመካከላችን ብንጨርሰው እመርጣለሁ።

የደረሰኙን ቅጂ፣ የተሞረደውን ቦታ ፎቶዎችና ካሊፐሩ አክስሉ ላይ ያነበበውን የሚያሳይ ፎቶ አያይዣለሁ። የወጣው አክስልና ሮንዴላው እኔ ጋ ናቸው፤ አዲሱን ሳገኝ እመልሳቸዋለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ክፍሎቹ ሲመጡ ደውሉልኝ፤ የሚገጠመው ግን እኔ ባለሁበት ነው፣ ሞረድም ሱቁ ውስጥ ይቀመጥ።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ