እማዬ ብቻዋን እንድትከፍተው

ጎተንበርግ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? አባዬ እንዴት ናቸው? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሆን ትጠልቃለች።

በቴሌቪዥኑ ፊልምና የቤተሰቡን ቪዲዮ እንድታዩበት የላክሁላችሁ ኮምፒውተር ሳይሰበር አዳማ መግባቱን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያመጣልንን ሰው እግዜር ይስጠው። በስልክ የነገርከኝን ሁሉ ጽፌ ይዣለሁ። ድምፅ የለም፣ የምስሉ ጠርዝ ተቆርጧል፣ የፊልሞቹ ፖስተር አይመጣም፣ የሰርጉ ቪዲዮ ላይ ሰው ሲጨፍር መስመር መስመር ይሠራል፣ የአያታችን ምርቃት ቪዲዮ ላይ ከታች የሚጻፈው ትርጉም ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኗል። መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ቁጭ ብዬ በጽሑፍ ላስረዳህ ወሰንኩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዝልኝ። ዕቃው የእማዬና የአባዬ ነው። አንተ ሥራ ላይ ሆነህ፣ እኔም እዚህ ሆኜ፣ እማዬ ሪሞት አንስታ የእህታችንን ሰርግ ራሷ መክፈት አለባት። ስለዚህ አንድ ነገር ባስተካከልክ ቁጥር ሁሉንም አጥፋና እማዬን አስከፍታት። እሷ መሃል ላይ ቆማ "አቡሽ፣ አሁንስ ምን ልጫን?" ካለች፣ ሥራው ገና አላለቀም።

መጀመሪያ ቦታውን ቀይርልኝ። በላክህልኝ ፎቶ ላይ ኮምፒውተሩ ቡፌው ውስጥ፣ መስታወቱ ተዘግቶበት አየሁት። እማዬ ደግሞ ከላዩ ዳንቴል አልብሳዋለች። ዳንቴሉ የሸፈነው ሙቀት የሚወጣበትን ቀዳዳ ነው። የአዳማን ሙቀትና ነፋስ ታውቀዋለህ፤ መስኮት ከፍተን ካደርን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም ይጻፋል። ያ አቧራ ፋኑ ላይ ሲጠራቀም ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፊልሙም መንቀርፈፍ ይጀምራል። አውጥተህ ከቡፌው በላይ አስቀምጠው፤ ከጀርባው ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ። በየወሩ አካባቢ ከሶኬት ነቅለህ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። ስትጠርግ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዲሽከረከር አትተወው። ዳንቴሉን እማዬ ሬዲዮው ላይ ታድርገው፤ እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

አሁን ወደ ፖስተሩ። ይህኛው ብዙ አሳስቦኝ ነበር። ኢንተርኔቱ ይሠራል ትለኛለህ፤ ቪዲዮዎቹን የሚያሳየን ፕሮግራም፣ ኮዲ፣ ግን የአንድም ፊልም ፖስተር አያመጣም። ኋላ ያንኑ ፎቶ አጉልቼ ሳየው፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ላይ ያለው ዓመት 2018 ይላል። አባዬ "ቀኑ ተሳስቷል" ብለው እንዳስቀየሩህ ገባኝ። ለኛ ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ኮዲ ፖስተሩንና የፊልሙን ታሪክ የሚያመጣው ዘ ሙቪ ዳታቤዝ ከሚባል የፊልም መዝገብ ነው። ሲገናኙ ያኛው ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ያሳያል። ሰርተፊኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል አለበት። የኛ ኮምፒውተር 2018 ላይ ሆኖ ሲያየው "ይህ ገና ቀኑ አልደረሰም" ብሎ ግንኙነቱን ያቋርጣል። ሌላ ችግር የለበትም።

ስለዚህ ቀኑን በፈረንጆቹ አድርገው፣ 2025 ይበል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በል፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል አታገኝም፣ ናይሮቢ ግን ከኛ ጋር እኩል ነው። ሰዓቱም በፈረንጆቹ ይሁን፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ዘጠኝ ማለት አለበት። ከዚያ በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ምልክት አብራው። አባዬ የኛን ቀን ማየት ከፈለጉ የግድግዳው ካላንደር አለ። ከሶኬት ተነቅሎ ካደረ በኋላ ቀኑ እንደገና ወደ ኋላ ከተመለሰ ደግሞ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማለች ማለት ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ጠይቅ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ በዚህ አያበቃም። ኮዲ ፊልምን የሚለየው በስሙና በዓመቱ ነው። እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ይኑረው፣ የፎልደሩ ስም የፊልሙ ስም ሆኖ ዓመቱ በቅንፍ ይከተል። ዓመቱ ግን የፈረንጆቹ ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም ሽፋኑ ላይ 2004 ዓ.ም. ከተባለ፣ በነሱ 2011 ወይም 2012 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ትጨምራለህ። እንዳለ 2004 ብለህ ከጻፍከው የማናውቀው የውጭ ፊልም ፖስተር ይለጥፍበታል። የአማርኛ ፊልሞች መዝገቡ ውስጥ ሲገኙም ብዙውን ጊዜ ስማቸው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው።

ጨርሶ የማይገኙትን ራስህ ጻፍላቸው። ኤንኤፍኦ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። ስሙ ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ ሆኖ፣ ከቪዲዮው አጠገብ ይቀመጣል። ውስጡ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ ታሪኩን በአማርኛ ትጽፍበታለህ። ናሙናውን ዲስኩ ላይ "ለአቡሽ" በሚለው ፎልደር ውስጥ ትቼልሃለሁ፤ እሱን እየገለበጥክ ቀይረው። ከዚያ ለዚያ ፎልደር መረጃ አምጪውን "ሎካል ኢንፎርሜሽን ኦንሊ" የሚለውን ምረጥ። ኢንተርኔት አይነካም፣ ዳታም አይበላም። አባዬ የሚወዷቸውን ፊልሞች ታሪክ ራሳቸው እየነገሩህ ብትጽፈው ደስ ይለኛል። ተዋናዮቹን ሁሉ በስም ያውቋቸዋል።

የቤተሰቡን ቪዲዮዎች ግን ለኮዲ ፊልም ናቸው አትበለው። ያንን ፎልደር ስትጨምር "ምን ይዟል?" ሲልህ "ነን" (በእንግሊዝኛ ምንም ማለት ነው) በለው፤ በፋይል ብቻ ይከፈታል። አለበለዚያ የእህታችንን ሰርግ ሰርግ ከሚል የሆሊውድ ፊልም ጋር ያገናኘዋል። እማዬ ማንበብ ሳያስፈልጋት እንድትለየው፣ በየፎልደሩ ውስጥ አንድ ፎቶ ፎልደር ጄፔግ (folder.jpg) በሚል ስም አስቀምጥ። ለሰርጉ እህታችን ቬሎ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ያለውን፣ ለጡረታው አባዬ ካባ ደርበው የቆሙበትን አድርግ።

ድምፁ ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦዲዮ ግባ። ድምፅ ማውጫው የኮምፒውተሩን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይዞ ይሆናል፤ ኤችዲኤምአይ የሚለውንና የቴሌቪዥኑን ስም ያለበትን ምረጥ። ቻናሉን 2.0 አድርገው፣ ፓስስሩ የሚለውን (ድምፁን ሳይፈታ ለውጭ ማጉያ የሚያሳልፈውን) አጥፋው፤ እኛ ቤት ያለው የቴሌቪዥኑ ስፒከር ብቻ ነው። በአንዳንድ የውጭ ፊልም ሙዚቃው ጮሆ ንግግሩ ካነሰ፣ ፊልሙ የተሠራው ለስድስት ስፒከር ስለሆነ ነው። እዚያው ፊልሙ እየሄደ ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ማጉያውን ከፍ አድርገው።

የተቆረጠው ጠርዝ የቴሌቪዥኑ ነው፣ ኮምፒውተሩን አትነካካው። በቴሌቪዥኑ ሪሞት የምስል መጠን ውስጥ ገብተህ፣ እንደ ቴሌቪዥኑ ዓይነት "ጀስት ስካን" ወይም "ስክሪን ፊት" የሚለውን ምረጥ።

ሰርጉ ላይ የምታየው መስመር ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የቆየ ካሴት በመሆኑ ነው። በኛ አገር የሚሠራበት ፓል የሚባለው ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል፤ እያንዳንዱን ምስል ደግሞ በሁለት ግማሽ ከፍሎ፣ መጀመሪያ አንዱን መስመር ዘልሎ ሌላውን እያለ ይልከዋል። የድሮው ቴሌቪዥን ይህንኑ አውቆ ነበር የተሠራው። የአሁኑ ሁለቱን ግማሽ ባንድ ላይ ሲያሳይ፣ ቆሞ ያለ ሰው ደህና ይታያል፤ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። አክስታችን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ድንኳኑ መሃል የምትወርድበትን ቦታ ክፈተው፣ እሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቪዲዮው እየሄደ የማስተካከያውን የጥርስ ጎማ ምልክት ተጫን፣ ቪዲዮ ሴቲንግስ ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብራ። የማበጠሪያው ጥርስ ሲጠፋ ታየዋለህ። ለሁሉም ቪዲዮ እንዲያገለግል ከታች አጽድቀው።

እዚያው ሳለህ፣ ሴቲንግስ፣ ፕሌየር፣ ቪዲዮስ ውስጥ የስክሪኑን ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር የሚያስማማውን አብራ፤ ሲጀምርና ሲያቆም የሚለውን ምረጥ። አማራጩ ካልታየህ ከታች በግራ ያለውን የደረጃ ምልክት ወደ አድቫንስድ ከፍ አድርገው። በሴኮንድ 25 ምስል ያለው ቪዲዮ ስክሪኑ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲታደስ ልኩ ነው፣ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ ይታያል። 60 ላይ ግን እኩል አይካፈልም፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል።

ጓደኞችህ በፍላሽ የሚሰጡህ አዳዲስ ፊልሞች ከተንቀረፈፉ ኪቦርዱ ላይ ኦ ፊደልን ተጫን፤ የቪዲዮውን ዓይነት ያሳይሃል። ቪዲዮው ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ የተሠራና ፎር ኬ (በጣም ጥራት ያለው ትልቅ ምስል) ከሆነ ተወው። የኛ ፕሮሰሰር አራተኛው ትውልድ ነው፣ ያንን ዓይነት የሚፈታ ክፍል የለውም። የዚያኑ ፊልም ተራውን ኤችዲ ቅጂ ጠይቃቸው።

የአያታችን ምርቃት ላይ ብዙ ደክሜበታለሁ። እሳቸው በኦሮምኛ የመረቁትን ቃል በቃል አዳምጬ፣ ያልገባኝን እዚህ ያለች የአርሲ ልጅ እየረዳችኝ፣ ወደ አማርኛ መልሼ ከንግግሩ ጋር ያስኬድኩት ነው። የአክስታችን ልጆች ኦሮምኛ አይሰሙም፤ አያታቸው ምን ብለው እንደመረቋቸው ማወቅ አለባቸው። ባዶ ሳጥን የሆነው ኮዲ ለጽሑፉ የሚጠቀምበት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። "ለአቡሽ" ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚል ፎንት አለ። በኮዲ ፎልደር ውስጥ ሚዲያ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለው ውስጥ ጨምረው፤ ኮዲን ዘግተህ ክፈትና ከሰብታይትል ማስተካከያው ምረጠው። የትርጉሙ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ መሆኑን እይ። በኖትፓድ ከፍተህ አንድ ቃል ካረምክ ስታስቀምጥ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን እንዳትቀይር፤ ከተቀየረ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ያረምከውንም ንገረኝ፣ ከኔ ይልቅ ለአነጋገራቸው አንተ ትቀርባለህ።

አባዬ "ይህ ኮዲ የሚባለው በወር ስንት ነው?" ብለዋል አሉ። ምንም አይከፈልበትም። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ኤክስቦክስ ለሚባለው የጌም ማጫወቻ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ኮዲ የሚለውን ስም ያገኘው በ2014 ነው። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት። ሲጫን ባዶ ነው፣ የራስህን ቪዲዮ ነው የሚያሳይህ። ሰው መጥቶ "በዚህ ተጨማሪ ፊልም ሁሉ በነፃ ይመጣል" ቢልህ እንዳታስጭነው። ከማን እንደመጣ በማይታወቅ ፕሮግራም የአባዬን ዲስክ አደጋ ላይ አንጥልም።

ዊንዶውሱ ላይ ዋይፋዩን ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠርበት) አድርገው፤ ካለዚያ ሳታስበው አፕዴት ሲያወርድ የሞላኸው ፓኬጅ ያልቃል። መብራቱን በተመለከተ፣ ከስታቢላይዘሩ ውጭ እንዳትሰካው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ፣ ተነስቶም ኮዲን ራሱ ይከፍታል። እማዬ ምንም መጫን የለባትም። ነጎድጓድ ሲሆን ግን ነቅላችሁ ተዉት።

የመጀመሪያውን ገጽም አቅልልላት። ስኪን ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ ሙዚቃ፣ ሬዲዮ፣ ጌም፣ አድኦን የሚሉትን ከገጹ አጥፋቸው። ፊልም፣ ቪዲዮና ፌቨሪትስ ይቅሩ። ፌቨሪትስ ውስጥ ሰርጉን፣ ጡረታውን፣ ምርቃቱን አስገባ። የላክሁት ሪሞት ላይ እማዬ የሚያስፈልጓት አራቱ ቀስቶች፣ መሃሉ ላይ ያለው እሺና መመለሻው ናቸው። የቀሩት ላይ ፕላስተር ለጥፍ። ሪሞቱ ከጠፋ ስልክህ ላይ ኮሬ የሚባለውን፣ ስልኩን የኮዲ ሪሞት የሚያደርገውን ፕሮግራም ጫን፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ይሠራል። ፋይል መሰረዝና ስም መቀየር የሚፈቅደው ጠፍቶ ነው ያለው፣ እንደጠፋ ይቆይ።

የዲስኩን ሁለተኛ ቅጂ እኔ ዘንድ አስቀምጫለሁ፣ አትስጋ። አሁን የምፈልገው አክስቴ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ያሉትን ካሴቶች ነው። ለጥምቀት የሚመጣ ሰው አለ፣ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል። በመስኮቷ በኩል ፊልሙን እያየህ ለያቸው፤ ነጭ ሻጋታ ያለባቸውን ለብቻ በፌስታል እሰር፣ በምንም ዓይነት ማጫወቻ ውስጥ እንዳታስገባቸው። ሻጋታው የማጫወቻውን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) አበላሽቶ ወደ ደህናዎቹም ይሄዳል። በየካሴቱ ላይ የማን ሰርግ፣ የማን ክርስትና እንደሆነ አክስቴን ጠይቀህ በእስክሪብቶ ጻፍ። እሷ የማታስታውሰውን አባዬ ያውቁታል።

ለአባዬና ለእማዬ ጉልበታቸውን ሳምልኝ ብላለች በል። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እሑድ ማታ እደውላለሁ፣ ድምፁ ከሠራ ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያዝልኝ።

ወዳጅ እህትህ